ሞተሩ ይለወጥ ወይስ መኪናው?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር



በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከጎፋም እስከ መካኒሳና ለቡ ድረስ በተዘረጉት መንገዶች ግራና ቀኝ በቆርቆሮ የታጠሩ ጋራዦች አሉ። በእነዚህ ጋራዦች ደጃፍ አዘውትሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ዕድሜዋ የገፋ፣ መልኳ ግን ገና ዓይን የሚስብ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ያለው ሰው ይመጣና፣ «ሞተሯን አውርጄ በተሻለ ሞተር ብለውጥላት ይበጃል ወይስ እሷን ሸጬ አዲስ ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። መካኒኩም ኮፈኑን ከፍቶ፣ በስንዝር ለካ ለካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩማ ይገባል» ይለዋል።

ሞተሩ ይገባል መባሉ ግን ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ሞተር ወደ መኪና መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ መኪናዪቱ የገባውን ሞተር መሸከሟ ሌላ ነገር ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የቀድሞው ሞተር በእርግጥ ደክሟል ወይ? የሚለው ነው። በስሕተት የተፈረደበት ሞተር ከወረደ በኋላ ተመልሶ አይሰቀልም፤ የወጣውም ገንዘብ ተመልሶ ወደ ኪስ አይገባም።

ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም ያለ ሽቦ፣ በአየር የሚላክን መልእክት የሚያስታውስ ነው። ለዛሬው ጉዳይ ስሙ በሌላም ምክንያት ይስማማል፤ በዚህች ከተማ የሞተር ነገር የሚጀምረው ከነፋሱ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ደቡብ በተወረደ ቁጥር ከፍታው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ቅናሹ ሞተርን ያን ያህል የሚጠቅም አይደለም። በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው በሩብ ያህል ቀለል ይላል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በቤንዚኑ ብቻ ሳይሆን ቤንዚኑን በሚያነድደው አየር ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ በአዲስ አበባ ጉልበቱን በሩብ ያህል ቀንሶ ይሠራል። ይህ የመካኒክ ጥፋት አይደለም፤ የባለ መኪናውም ቸልተኝነት አይደለም፤ የአገሩ ከፍታ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ የቀረበችው አልፋ ሮሜዎ ጂ.ቲ. 1300 ጁኒየር ያለችው አንድ የጎፋ ነዋሪ አለ እንበል። የመኪናዪቱ ሞተር 1,290 ሲ.ሲ. ሲሆን፣ ፋብሪካው የሰጣት ጉልበት 89 የፈረስ ጉልበት ነው። ጎፋ ስትደርስ የሚተርፋት 67 ገደማ ነው። ባለ ንብረቱ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው በመጽሐፍ ያነበበውን 89ን ነው፤ ስለዚህ «ሞተሯ አርጅቷል» ይላል። የዚያው ሞተር ታላቅ ወንድም ሊባል የሚችለው ባለ 1,962 ሲ.ሲ. ሞተር ደግሞ በፋብሪካ ሚዛን 131 የፈረስ ጉልበት አለው። እርሱም ጎፋ ሲገባ ወደ 98 ይወርዳል። እንግዲህ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ሞተር በብዙ ወጪ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ተስተካክሎ፣ በአዲስ አበባ የሚሰጠው ትንሹ ሞተር በጄኖቫ ወደብ ከሚሰጠው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው። የተገዛው ጉልበት ሲመረመር፣ ትልቁ ድርሻ ከፍታው የወሰደውን መተካት ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው በኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። መካኒኩ ካንዴላዎቹን አውጥቶ መለኪያውን ይሰካል፤ ሞተሪኖውን ያስነሣል፤ ከመጽሐፉም ጋር ያስተያያል። መጽሐፉ 10 ባር የሚል ከሆነ በአዲስ አበባ ጤናማው ሞተር የሚያሳየው 7 ባር ተኩል ያህል ነው፤ ሲሊንደሩ ከመነሻው የሳበው አየር ቀላል ነበርና። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ግን ይህን ሲያይ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል። ስንት ደኅና ሞተር በዚህ ፍርድ ሳይታመም ተቀዷል! ትክክለኛው አካሄድ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ነው። አራቱም የሚቀራረብ ቁጥር ካሳዩ ሞተሩን ለማውረድ ምክንያት የለም። አንዱ ከሌሎቹ ከአሥር በመቶ በላይ ከወረደ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደ ገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ባለበት ከቀረ የቫልቩ ወይም የጓርኒሲዮኑ ነው። የቫልቭ ሕመም ደግሞ ቴስታታውን ብቻ በማውረድ ይድናል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ትንሽ ማለት አይከፋም። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ እንዲሁም በየዓመቱ የሚለጠፈው ቦሎና በኪስ የሚያዘው ሊብሬ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የኢትዮጵያ መካኒክ ሙያውን በተማረበት ቋንቋ ዛሬም የጃፓንንና የኮሪያን መኪና ይፈታል። ጣልያናዊቱ የስፖርት መኪና በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አላት፤ እያንዳንዱ ክፍሏ በጋራዡ ውስጥ በትውልድ ስሙ ይጠራላታልና። መለዋወጫዋ ግን በስም መጠራት ብቻ አይገኝም። ሶማሌ ተራ ገብቶ የቶዮታ ዕቃ መፈለግና የአልፋ ዕቃ መፈለግ እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የኋለኛው ብዙ ጊዜ ከሮማ ወይም ከሚላኖ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ካልሆነ አይገኝም።

ወደ ነገሩ እንመለስ። ሞተሩ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ፣ በትንሹ ወጪ የሚመለሰው ጉልበት በካርቡራቶሩ ውስጥ ነው። አየሩ ሲቀልል ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ካርቡራቶር ቤንዚኑን ለአየሩ ከሚገባው 15 በመቶ ያህል አብዝቶ ይሰጣል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡራቶር ቀዳዳ በዲያሜትር 7 በመቶ ያህል በጠበበ መተካት ነው። የዕሳቱም ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ቀደም ቢል ቀላሉ አየር ይፈቅዳል። ሲሊንደሩ በሙሉ ስለማይሞላ የመንኳኳት አደጋው ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነውና፣ ለከፍታው ሲባል ቴስታታውን በመጠኑ አስልጦ ኮምፕሬሽኑን ከፍ ማድረግም ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከፍታው የወሰደውን ሩብ በሙሉ አይመልስም፤ ከዚያ ሩብ በላይ በመዘንጋት የጠፋውን ግን ይመልሳል። ብዙ ባለ መኪናዎች የሚፈልጉት ያንኑ መሆኑን የሚያውቁት ካገኙት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባለ ንብረቱ አሁንም ትልቅ ሞተር ካማረው፣ ቀጥሎ የሚነሣው የትኛው ሞተር? የሚለው ነው። በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አስተያየት መስጠት ይገባል፤ የሚሻለው ከአንድ ቤተሰብ የሆነው ነው። አልፋ ሮሜዎ ባለ 1,290፣ ባለ 1,779 እና ባለ 1,962 ሲ.ሲ. ሞተሮቹን በአንድ መሠረታዊ ንድፍ ስለ ሠራቸው፣ ታላቁ በታናሹ ቦታ ያለ ብየዳ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ታክሲነት ለረጅም ዘመን ያገለገለው ላዳም እንዲሁ ነው። የ1,198 ሲ.ሲ.ው ሞተር፣ የ1,452ቱና የ1,569ኙ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የትልልቆቹ ብሎክ በቁመት 8.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበልጣል። ቮልስዋገንም ከ1,192 ሲ.ሲ. ተነሥቶ እስከ 1,584 ሲ.ሲ. ሲያድግ የውጭ መልኩን አልለወጠም፤ 34 የፈረስ ጉልበት ግን 50 ሆነ። ከባዕድ ቤተሰብ የመጣ ሞተር ሲሆን ነገሩ ይለያል። ድጋፉ ይቆረጣል፣ ሌላ ይበየዳል፣ የካንቢዮው ዘንግ ይታጠራል ወይም ይረዝማል፣ ራዲያተሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ ሸረሪት ድር ይወሳሰባል። ሥራውን የጨረሰው መካኒክ በሕይወትና በሰፈሩ እስካለ ድረስ መኪናዪቱ ትሄዳለች። እርሱ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ዕለት ግን ሽቦዋን የሚያነብ ሌላ ሰው አይገኝም።

ሞተሩ ሲያድግ የሚከተለውን ዕዳ መዘርዘር አሰልቺ ነው፤ ባልደረቦችም ያውቁታል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዲፈረንሲያሉም መታየት አለበት፤ ለ1300ዋ የተሰጠው 4.56 ሲሆን ለሁለት ሊትሯ የተሰጠው 4.1 ነው፤ ሳይለወጥ ከቀረ መኪናዪቱ ስትጮኽ ትውላለች። ስለ ማቀዝቀዣው ግን ማብራራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነው። ቀላሉ አየር የሞተሩን ጉልበት በሩብ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ራዲያተሩን ወይም የቮልስዋገኑን ሲሊንደር የሚያቀዘቅዘውንም ነፋስ ያደክመዋል። ሞተሩ የፋብሪካው ሞተር እስከ ሆነ ድረስ ሙቀቱም ማቀዝቀዣውም አብረው ስለሚቀንሱ ሚዛኑ ይጠበቃል። ሞተሩ አድጎ ማቀዝቀዣው የቀድሞው ሲሆን ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። በዚህ ከፍታ ክዳን የሌለው ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በጎተራ ማሳለጫ ላይ ተሰልፋ የቆመች ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ቴስታታዋን ለማጣመም ብዙ ደቂቃ አያስፈልጋትም።

ፍሬኑ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የኢትዮጵያ መንገድ ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የሚወድ መንገድ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሺህ ኪሎ የምትመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ ፍሬኑና ሞተሩ በመካከላቸው ወደ ሙቀት መለወጥ ያለባቸው ኃይል አሥር ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ዲስክ ፍሬን በአራቱም ጎማ ያላት አልፋ ይህን ትችላለች፤ ከበሮ ፍሬን ያላት የስልሳዎቹ ቮልስዋገን ግን በ34 የፈረስ ጉልበት ልክ የተሠራ ፍሬን ይዛ በ50 መንዳቷ ያሳስባል። በሞተሩ ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ለፍሬኑ «በሌላ ጊዜ» የሚል ባለ መኪና ካለ፣ መካኒኩ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት እምቢ የማለት የሙያ ግዴታ አለበት። ይህን ማለት ደንበኛ ያሳጣ ይሆናል፤ ያሳጣው።

ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ገበያው ሲኬድ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ቀደም ባለው ዘመን «አዲስ ልግዛ» ማለት በአመዛኙ ከዱባይ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ፣ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ የጃፓን መኪና መግዛት ማለት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን በር አጠበበው። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የተጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በዚህ መጣኔ ሲሰላ ዋጋው መቶ ብር በሆነ ዕቃ ላይ አምስት መቶ ብር ይታከልበታል ማለት ነው፤ ሌላው ቀረጥ ሳይነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ በመንግሥት ተነገረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲተው፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አሻቀበ። ይህ የመጨረሻው ሁለቱንም ወገን ይነካል፤ አዲስ መኪና የሚገዛውንም፣ ለአሮጌዋ ፒስቶን የሚያስመጣውንም። ነገር ግን ፒስቶን በሻንጣ ይመጣል፤ መኪና አይመጣም።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ መግዛት ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ወይ በሀገር ውስጥ ካለው መካከል ዕድሜዋ ያነሰ ባለ ነዳጅ መኪና በተጋነነ ዋጋ መግዛት፣ ወይ በኤሌክትሪክ የምትሄደውን መግዛት። የኤሌክትሪኳን መኪና የሞተር ሰዎች በጥርጣሬ ማየታቸው የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ከላይ የተነገረውን ስለ ከፍታው የተቀበለ ሰው አንድ ነገር መካድ አይችልም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። በምጽዋ ወደብ የሚሰጠውን ጉልበት በእንጦጦ አናት ላይም ይሰጣል። አልፋዋ ሩቡን ጥላ ስትመጣ፣ ይህችኛዋ ምንም ሳትጥል ትመጣለች። ቁልቁለት ስትወርድም ፍሬን ላይ ሊጠፋ የነበረውን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪዋ ትመልሰዋለች። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ መደረጋቸው ብዙ ሰው ወደ እነርሱ እንዲያዘነብል አድርጓል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መመረቅም የኃይሉ ምንጭ ከየት ነው ለሚለው በከፊል መልስ ሰጥቷል።

የሚቀረው የጥገናው ጥያቄ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። በቆርቆሮ በታጠሩት ጋራዦች ውስጥ ያለው እውቀት በጆሮና በጣት የተገነባ ነው። ሞተር ሲያንኳኳ ከድምፁ ቢዬላ ይሁን ቫልቭ የሚለይ፣ ማጥበቂያውን ያለ መለኪያ በክንዱ የሚያውቅ ሰው፣ በአራት መቶ ቮልት ባትሪ ፊት ሲቆም ጆሮውም ክንዱም አይረዱትም፤ ያለ ጓንትና ያለ ሥልጠና ከነካው ደግሞ ሕይወቱን ያጣል። እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ ኮሌጆች ይህን ትምህርት ለወጣቶች ማስተማራቸው እንዳለ ሆኖ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላውን መካኒክ ማን ያስተምረዋል? የሚለው እስከ ዛሬ በቂ መልስ ያላገኘ ነገር ነው። የሞተር ማደስ ሥራ በየዓመቱ እየቀነሰ ሲሄድ፣ በአንድ ጋራዥ የሚተዳደሩት ባለ ሙያዎች፣ ረዳቶቻቸውና በር ላይ ዘይት የሚሸጠው ልጅ ጭምር አብረው ይጎዳሉ።

እንግዲህ ለጎፋው ባለ መኪና ምን ይባላል? መኪናዪቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ በየቀኑ ከጀሞ ፒያሳ የምትመላለስ ከሆነች፣ ትልቅ ሞተር መጫኑ ይቅርና እርሷን ራሷን ለዚያ ሥራ ማዋል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተቀረጸ አካል በግጭት ጊዜ ሰውን ለማዳን የተማረው ነገር ጥቂት ነው፤ የአየር ከረጢትና የማይቆለፍ ፍሬን ያላት አዲስ መኪና በዚህ በኩል አትወዳደራትም፤ ለዕለት ሥራ አዲሲቱ ትገዛ። ባለ ንብረቱ የሚወዳት፣ እሑድ ጠዋት ወደ ሰበታ ወጣ የሚልባት ከሆነች ግን ትቆይ፤ መጀመሪያ ትለካ፣ ካርቡራቶሯ ለከፍታው ይስተካከል፣ ፍሬኗ ይታደስ። ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ሊትሩ ወንድሟ ከተገኘ ይጫንላት። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ በሕጋዊ መንገድ ይታረም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አሠራር የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ይህን «በኋላ እንጨርሰዋለን» ብለው ያለፉ ሰዎች ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም መኪናቸውን ሊሸጡ ሲነሡ የሚደርስባቸው ጣጣ በየጋራዡ የሚወራ ነው።

የወረደው ትንሹ ሞተር ግን ለሶማሌ ተራ አይሸጥ። ዘይቱ ተቀድቶ፣ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ተጨምሮበት፣ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተወትፈው፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከጋራዡ ጥግ ይቀመጥ። ብሎኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መኪናዪቱ ከፋብሪካ ስትወጣ የተሰጣት ነው፤ በሣጥኑ ክዳን ላይ በኖራ ይጻፍ።